በገዛ መሬት ላይ የሰው አገር ወታደር ለምን?



በመዝከረት ባትያ የሽማግሌዎች ሙዓዶን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። እኔ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ ወደዚያ የምሄደው የቢቱዋሕ ሌኡሚ ወረቀት ለማንበብ፣ የሐኪም ቀጠሮ ለማስያዝና ከየቢሮው የመጣውን ደብዳቤ ለመተርጎም ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ግን ጨዋታው ወደ አገር ቤት ይዞራል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የቀይ ባሕርና የአሰብ ወደብ ነገር በየዜናው ስለሚነሳ፣ ሽማግሌዎቻችን ኢትዮጵያና ኤርትራ ዳግመኛ እንዳይዋጉ ይሰጋሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ «እንደዚያን ጊዜው የተባበሩት መንግሥታት ጦር መሐል ገብቶ ይገላግላቸው» አሉ።

ይህን ጊዜ ከሽሬ አካባቢ የመጡ አንድ አባት ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኒህ አባት በሱዳን በኩል በ1984 የወጡ ናቸው። አብሮ አደጋቸው የነበረ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ሁለት ወንዶች ልጆቹን በባድመ ጦርነት እንዳጣ የሰሙት እዚህ ገብተው ብዙ ከቆዩ በኋላ ነው። ልጆቹን ሕፃናት ሆነው ያውቋቸው ነበር፤ አንደኛውን በጀርባቸው አዝለው ወንዝ አሻግረውታል።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ አስረጂኝ» አሉኝ። «አንድ መንግሥት አንዲት ጋት መሬት አልሰጥም ብሎ ይህን ሁሉ ወጣት ካስፈጀ በኋላ፣ ከሕንድና ከኬንያ የመጣ ወታደር በገዛ መሬቱ ላይ ድንኳን እንዲተክል የሚፈቅደው በምን ሒሳብ ነው? መጨረሻው ይኸ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ተዋጋ?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ ኮሌጅ የተማርኩት የባልና የሚስትን፣ የአባትና የልጅን ጠብ ማብረድ እንጂ የመንግሥታትን አይደለም። «አባባ፣ አንብቤ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከሙዓዶኑ ወደ ቂርያት ዔቅሮን የምሄደው በእግሬ ነው። የሁለቱ መንደሮች ወሰን የቱ ጋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ወሰኑን በዓይኔ ስፈልግ ቤቴ ደረስኩ።

ለማስታወስ ያህል

ቀኖቹን ሁሉ እዚህ እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጦርነቱ የተነሳው በሜይ 1998 ባድመ በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። የኤርትራ ጦር ቦታውን ያዘ። በፌብሩዋሪ 1999 ኢትዮጵያ ባድመን አስመለሰች። በሜይ 2000 ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ሰብሮ ባሬንቱ ድረስ ዘለቀ። የሞቱት ሰዎች ከ70,000 እስከ 100,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ድርቅ ነበረ፤ ይህም ሆኖ በሁለቱም በኩል ለታንክና ለአውሮፕላን ገንዘብ አልጠፋም።

በጁን 18 ቀን 2000 አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። በዲሴምበር 12 ቀን መለስ ዜናዊና ኢሳያስ አፈወርቂ እዚያው አልጀርስ ዋናውን የሰላም ውል ፈረሙ። በመካከሉ የጸጥታው ምክር ቤት «አንሚ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የሰላም አስከባሪ ጦር አቋቋመ። የተፈቀደለት ቁጥር እስከ 4,200 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 220ው መሣሪያ የማይዙ ታዛቢዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የጦሩ አዛዥ ሆላንዳዊው ጄኔራል ፓትሪክ ካማርት ነበሩ። መጀመሪያ የሆላንድና የካናዳ ወታደሮች ገቡ፤ ኋላም በምዕራብ ዮርዳኖሶች፣ በመሐል ሕንዶች፣ በምሥራቅ ኬንያዎች ሰፈሩ።

ለሁለቱም የሚበጅ ነገር ነበረው

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። እኔን ነገሩ የገባኝ ካርታውን ሳየው ነው። ሰማያዊ ቆብ ለባሾቹ የቆሙበት «ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና» 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ስፋቱ የተለካው በመድፍ መድረሻ ነው። ይህ 25 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከሁለቱ አገሮች እኩል አልተቆረሰም። ሁሉም የተወሰደው ከኤርትራ በኩል ነው። ስለዚህ የአባባ ጥያቄ በተለይ የሚመለከተው ኤርትራን ነው፤ በገዛ መሬቷ ላይ የራሷ ጦር እንዳይረግጥ፣ የሰው አገር ጦር ግን እንዲሰፍር ለምን ፈቀደች?

መልሱ በተኩስ ማቆሙ ውል ውስጥ ይገኛል። በውሉ መሠረት የኢትዮጵያ ጦር ከፌብሩዋሪ 6 ቀን 1999 በኋላ ከያዛቸውና ከጦርነቱ በፊት ካላስተዳደራቸው ቦታዎች ይወጣል። መቼ? የሰላም አስከባሪው ጦር በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ፤ መውጣቱንም የሚያረጋግጠው ያው ጦር ነው። እንግዲህ ለአስመራ ምርጫው እንግዳ ወታደርን ከመቀበልና ካለመቀበል መካከል አልነበረም። አገር ውስጥ የቆመ ጦር አለ፤ ያን ጦር በጉልበት ማስወጣት ደግሞ አልተቻለም። የሕንዱና የኬንያው ወታደር የኢትዮጵያ ጦር መውጫ ዋጋ ነበር። ከጋሽ ባርካና ከደቡብ የተፈናቀለው መቶ ሺህዎች የሚቆጠር ገበሬም ወደ እርሻው ካልተመለሰ የሚበላው አልነበረም። በዚህ ላይ የዲሴምበሩ ዋና የሰላም ውል የድንበር ዳኞች እንደሚሾሙና ፍርዳቸውም የመጨረሻ እንደሚሆን ይናገራል። ኤርትራ በጠመንጃ ያጣችውን በፍርድ ቤት አገኛለሁ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ተስፋዋም ከንቱ እንዳልነበረ በኋላ እናያለን።

ኢትዮጵያስ? ድል አድራጊ ሆና ሳለ ለምን ለቃ ወጣች? የጸጥታው ምክር ቤት በሜይ 17 ቀን 2000 በሁለቱም ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጥሎ ነበር። በ1993 ነፃነቷን የተቀበለችላትን አገር ይዞ መቀመጥ በዓለም ፊት ወራሪ ያሰኛል። ዝም ብላ ብትወጣ ደግሞ የለቀቀችውን ምሽግ ባላጋራዋ በነጋታው ይሞላዋል፤ ያ ሁሉ ደምም ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛ ሰው መሐል ሲገባ ግን መሬቱ ለጠላት አልተለቀቀም። «ለዓለም መንግሥታት አስረክቤ ወጣሁ» ማለት ይቻላል፤ ሕዝብም ፊት ያስኬዳል።

ይህንን እኔ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ተለያይተው፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ የቤቱን ቁልፍ ማን ይያዝ በሚለው ተጣሉ። ሰውየው፣ «ለእሷ ከምሰጥ እሞታለሁ፤ ለአንቺ ግን እሰጣለሁ» አለኝ። ቁልፉ ሦስት ወር በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ያን ቤት ልጠብቅ የምችልበት ምንም ኃይል የለኝም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። የፈለጉት ጉልበቴን አልነበረም፤ ለሌላው አለመስጠታቸውን ነው።

አንሚም ከዚህ የተለየ ጉልበት አልነበረውም። ወታደር ይቆጥራል፣ መንገድ ይቃኛል፣ ፈንጂ ያስመነጥራል፣ ያየውን ለኒው ዮርክ ይጽፋል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች በተፋጠጡበት ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ድንበር ላይ 4,200 ሰው ግድግዳ ሊሆን አይችልም። ምስክር ግን ይሆናል። ቀድሞ የተኮሰው ማን እንደሆነ የሚናገር እማኝ ካለ፣ መተኮስ ዋጋው ይወደዳል።

እዚሁ በምንኖርበት አገር

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በሌላ አገር እንዴት ሆኖ እንደነበር ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ወንድሜ በጎላን ሚሉኢም ሲያገለግል ነጫጭ የተባበሩት መንግሥታት መኪናዎች ያይ ነበር፤ «እነዚህ ምን ይሠራሉ?» ሲባል «ይቆጥራሉ» ብሎ ይመልሳል።

በ1956 የሱዌዝ ጦርነት ጊዜ የእስራኤል ጦር ሲናን ያዘ። የተባበሩት መንግሥታት ያኔ የመጀመሪያውን የሰላም አስከባሪ ጦር አቋቋሙ። ናስር ተቀበለው፤ ምክንያቱም የእስራኤል ጦር የሚወጣው በዚያ መንገድ ነው። እስራኤል ግን ጦሩ በእሷ በኩል እንዲቆም አልፈቀደችም። በ1974 በጎላን ሶርያ ተቀበለች፤ ቁነይጥራና አካባቢዋ ተመለሱላት፣ በእነሱም ላይ ሰማያዊ ቆብ ለባሾች ቆሙ። በ1979ኙ የሰላም ውል ግብፅ ሲናን ለማስመለስ ስትል ጦሯን በሲና ውስጥ ለመቀነስ፣ የውጭ ታዛቢም ለማስገባት ተስማማች። ሶቭየት ኅብረት በምክር ቤቱ ድምፅ እሽራለሁ ስላለች ያ ጦር ከተባበሩት መንግሥታት ውጭ ተቋቋመ፤ ከአፕሪል 1982 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ወጪውንም በዋናነት ግብፅ፣ እስራኤልና አሜሪካ በእኩል ይሸከማሉ።

ከኤርትራ ጋር አራቱንም ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። እንግዳው ወታደር የቆመው ሁልጊዜ መሬቱ በተያዘበት ወገን ላይ ነው። የሚቀበለውም ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን ያለ ሌላ ጦርነት የሚያስመልስበት ሌላ በር ስለሌለው ነው። ይህ ማለት ግን ባለ መሬቱ በፈቀደ የገባውን ጦር ፈቃዱን ሲያነሳ ያስወጣዋል ማለት ነው። ናስር በሜይ 1967 ውጡ አለ፤ ዋና ጸሐፊው ኡ ታንት አወጡት፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። በጎላን ደግሞ ከሌላው ጎን ፈረሰ፤ በዲሴምበር 2024 የአሳድ መንግሥት ሲወድቅ የእስራኤል ጦር ያን ቀጠና አልፎ ገባ።

ጣባና ባድመ

በነዚህ ሁሉ መካከል ቆይቶ የጸናው የሲናው ነው። ለምን ጸና? ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ጣባ ነው። ኤይላት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው የባሕር ዳርቻና ሆቴል። እስራኤል በ1982 ከሲና ስትወጣ ይህን ቦታ የእኔ ነው ብላ ያዘች፤ ግብፅም የእኔ ነው አለች። ክርክሩ አንድ የወሰን ምልክት የት ተተክሎ ነበር የሚል ነው። አምስት ዳኞች ተሰየሙ፤ በሴፕቴምበር 1988 አራት ለአንድ ለግብፅ ፈረዱ። እስራኤል ውስጥ ጩኸት ነበር። ይሁን እንጂ በማርች 1989 ቦታው ተሰጠ።

ለባድመም አምስት ዳኞች ነበሩ። በአፕሪል 13 ቀን 2002 ዘ ሔግ ላይ ፈረዱ፤ መሠረታቸው ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተዋዋሏቸው ውሎች ነበሩ። በዚያው ዕለት የኢትዮጵያ መንግሥት ባድመ ለእኛ ተፈረደች ብሎ አበሰረ፤ ሕዝቡም ተደሰተ። የፍርዱ ወረቀት ግን ባድመ ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንዳለች በስም አልጠቀሰም ነበር። መስመሩ ሲለካ ባድመ ኤርትራ ውስጥ ሆነች፤ ይህንንም ኮሚሽኑ በ2003 አረጋገጠ። መለስ ዜናዊ በሴፕቴምበር 2003 ለተባበሩት መንግሥታት ጽፈው ተቃወሙ። በኖቬምበር 2004 ፍርዱን «በመርህ ደረጃ» እንቀበላለን ተባለ፤ ጦሩ ግን ከባድመ አልወጣም።

የኢትዮጵያን መንግሥት ችግር አልክድም። ስንት ሺህ ሰው የሞተባትን ከተማ በወረቀት አስረክብ ማለት ቀላል አይደለም፤ የአባባ ጎረቤትም ቢጠየቅ እሺ ይል እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን ፍርዱ የመጨረሻ ነው ብለው የፈረሙት ሁለቱም ናቸው።

ከዚህ በኋላ አንሚ ለኤርትራ ምን ነበረ? መጀመሪያ ሲገባ የኢትዮጵያ ጦር መውጫ ነበር፤ ጦሩ ወጣ። ቀጥሎ የፍርዱ መፈጸሚያ ይሆናል ተብሎ ተጠበቀ፤ ፍርዱ አልተፈጸመም። የቀረው የኤርትራ ጦር በገዛ መሬቱ 25 ኪሎ ሜትር እንዳይረግጥ መከልከሉ ብቻ ነው፤ ባድመም በኢትዮጵያ እጅ እንዳለች። ስለዚህ ፈቃዱ በየጊዜው እየተሸረፈ ሄደ። በኦክቶበር 2005 ሄሊኮፕተር እንዳይበር ተከለከለ። በዲሴምበር አሜሪካውያን፣ ካናዳውያን፣ አውሮፓውያንና ሩሲያውያን በአሥር ቀን ውስጥ ውጡ ተባሉ። በ2007 መጨረሻ ነዳጅ ተቋረጠ። ነዳጅ የሌለው ጦር አይቃኝም፤ በፌብሩዋሪ 2008 መውጣት ጀመረ፤ በጁላይ 31 ቀን 2008 ሥራው በይፋ አበቃ። የአስመራን አድራጎት ጥሩ ነው አልልም፤ በእንግድነት የጠሩትን ሰው በነዳጅ ማባረር ነውር ነው። ምክንያቱን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ራሷም የሌላውን ድንበር ገላግላለች። በ2011 ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በአብዬ ሲጣሉ ሁለቱም የተስማሙበት እንግዳ ጦር የኢትዮጵያ ጦር ነበር፤ የተፈቀደው ቁጥርም ያው 4,200። በኋላ ኢትዮጵያና ሱዳን በአልፋሽጋ መሬት ሲጣሉ ሱዳን በ2021 ይተካልኝ አለች፤ በተከታዩም ዓመት ተተካ። ገላጋዩ ራሱ ባለጋራ ከሆነ ፈቃዱ ያልቃል።

ሬሖቮት ገበያ ያገኘሁት ሰው

አንሚ ከወጣ በኋላ ወዲያው ጦርነት አልሆነም። ሁለቱ ጦሮች አሥር ዓመት ያህል ተፋጥጠው ቆዩ። ይህ «ጦርነትም ሰላምም የለም» የተባለው ዘመን በማን ላይ እንደወደቀ ለማወቅ ከፈለጋችሁ መጽሐፍ አያስፈልግም። በሬሖቮት ገበያ ሳጥን የሚያወርድ አንድ ኤርትራዊ አለ፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከኢትዮጵያ ከተባረሩት ወደ 75,000 ከሚጠጉ ኤርትራውያንና ኤርትራውያን ናቸው ከተባሉ ሰዎች መካከል የእሱ ቤተሰብ ነበረ። ልጅ ሆኖ ነጫጮቹን መኪናዎች ሰንዓፈ አካባቢ አይቷቸዋል፤ ብስኩት የሚሰጧቸው ይመስሉት ነበር። አድጎ ለብሔራዊ አገልግሎት ሳዋ ገባ። ሕጉ 18 ወር ይላል። እሱ ግን ስድስት ዓመት አገልግሎ ማብቂያውን ስላላየ ጠፋ። መንግሥቱ ለምን እንደማይለቃቸው ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ ድንበሩ አልተሰመረም፣ መሬታችን ተይዟል።

በሱዳን አልፎ፣ በሲና በረሃ ተሻግሮ እዚህ ደረሰ። እነዚያ የውጭ ታዛቢዎች በሚቆጥሩት በረሃ በኩል ማለት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኔን አልቆጠሩኝም» አለ።

በጁላይ 9 ቀን 2018 ዐቢይ አሕመድና ኢሳያስ አስመራ ላይ ጦርነቱ አበቃ ብለው ሲፈርሙ እሱም እንደ ሁላችን ደስ ብሎት ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሆነ፤ የኤርትራ ጦርም ገባ። አባባ ያን ጊዜ ወደ ሽሬ ስልክ ሲደውሉ መስመሩ ዝም ይል ነበር። በኖቬምበር 2 ቀን 2022 በፕሪቶሪያ ሲፈራረሙ የገቡት ጥቂት የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች እንጂ ሰላም አስከባሪ ጦር አልነበረም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ይህን ሁሉ በቃሌ አስረዳኋቸው። አባባ አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «እኛም አገር እንዲህ ነበር» አሉ። «ሁለት ሰው በወሰን ሲጣላ ሽማግሌ ገብቶ ያን ቁራጭ መሬት ማንም እንዳያርሰው ይከለክላል፤ እስኪዳኝ ጦም ያድራል። የአንድ ክረምት ነገር ነው። ተዳኝቶ አንዱ ‹አልቀበልም› ያለ እንደሆነ ግን ያ ጦም ያደረ መሬት እሾህ ያበቅላል፤ ልጆቹ ሲያድጉ የሚገዳደሉት እዚያው እሾህ ላይ ነው።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «እና የባድመውን የከለከሉት ስንት ክረምት ነው?» አሉኝ።

«ስምንት ያህል» አልኳቸው።

«የጣባውስ? ሰዎቹ በሰላም ሰጥተው ወጡ?»

«ጮኸዋል፣ ግን ሰጥተው ወጡ።»

የሙዓዶኑ የዓመት ጉዞ ዘንድሮ ወደ ኤይላት ነው። አባባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አልሄድም ብለው ነበር። ስሜን ጻፊ አሉኝ። የወሰኑን ምልክት ማየት ይፈልጋሉ፤ አውቶቡሱ እዚያ ድረስ ይሄድ እንደሆነ ሹፌሩን እንድጠይቅላቸው አደራ ብለውኛል።